ሲረጋጋ እናመጣቸዋለን

ጠዋት ልጆቹን ለትምህርት ቤት አልብሳ በኮሪደሩ ስታልፍ፣ ከባሏ አባት ክፍል ድምፅ ሰማችና ቆም አለች። በሩ እንደ ልማዱ ተዘግቷል። ሽማግሌው እያወሩ ነው። ካወሩ ስንት ጊዜያቸው! ደስ አላትና ጆሮዋን ወደ በሩ ጣል አደረገች። «በል እንግዲህ አታስለምነኝ» ይላሉ፣ አኩራፊ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብለው። «ትገባለህ አትገባም? ይኸው አራስኩህ፣ ይኸው አለዘብኩህ፣ ደግሞ ምን ቀረህ? በዚያኛው በኩል እለፍ፣ በዚህኛው አትምጣብኝ። እባክህ የኔ ጌታ… እባክህ።» ከዚያ ብርጭቆ ሲንኳኳ ተሰማ፣ ቀጥሎ እንደ ማቃሰት ያለ ነገር፣ ከዚያም ጸጥታ። ነገሩ የገባት ትንሽ ቆይቶ ነው። ሽማግሌው እንዲያ የሚለማመጡት ዳቦውን ነበር።

ሳቋ መጣ። ባሏ ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር ደርሳ «አባትህ ከዳቦ ጋር ሽምግልና ተቀምጠዋል» አለችው። እሱም ፈገግ ብሎ «ዕድሜ ነው፣ ጥርስ ይሆናል። ለስለስ ያለውን ግዢላቸው» አለና፣ እጁን ሳኒታይዘር ቀብቶ፣ ልጆቹን ከፊት አስቀድሞ ወጣ። ነገሩ በዚህ አለቀ። እሷ ግን የቁርስ ሳህኖቹን ስታነሣሣ ያቺ «እባክህ» የምትለዋ ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለች። ዳቦን ማን እንዲህ አድርጎ ይለምናል?

ሰፈሩ ሽማግሌውን የሚያውቃቸው «ሬዲዮ» በሚል ስም ነው። ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መሪው በእጃቸው፣ ወሬው ባፋቸው ሆኖ ነበር ያን ሁሉ ዓመት የሄዱት። የጀመሩትን ጨዋታ እስኪጨርሱ ብሎ መውረጃውን ያለፈ ተሳፋሪ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም «ከሾፌር ጋር ማውራት ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ እያሳየ ሊገሥጻቸው የወጣ ተቆጣጣሪ፣ ጨዋታው ጥሞት እስከ መጨረሻው ፌርማታ አብሯቸው ሄዷል ይባላል። ይባላል ማለት እሳቸው ይሉታል። ጡረታ ሲወጡ ተሳፋሪ ቀረና ቤተሰቡ ተሳፋሪ ሆነ። እሷ ለቤቱ አዲስ ሆና በመጣችበት ሰሞን፣ ፊቷን ወዴት እንደምታዞር ጨንቋት ሳለ፣ ያላመዷት እሳቸው ናቸው። ምግብ ሲቀርብ ያወራሉ፣ ምግብ ሲነሣ ያወራሉ፣ ዕቃ ስታጥብ የማድ ቤቱን መቃን ተደግፈው ያወራሉ። ዛሬ የመጀመሪያ ልጇ ትከሻዋ ላይ ደርሳ እንኳ የሚጠሯት «ሙሽሪት» ብለው ነው።

ከዚያ ያ በሽታ መጣ። ባሏ በአንድ ቀለም ፋብሪካ የሠራተኞች ደኅንነት ተቆጣጣሪ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው አደጋን ከሌላው ሰው ቀድሞ እንዲፈራ ነውና ቤቱንም እንደ ፋብሪካው ያዘው። ጫማ ከደጃፍ እንዳያልፍ ከለከለ፣ እንግዳ በመስኮት ብቻ እንዲነጋገር ወሰነ፣ ከገበያ የመጣ ነገር ሁሉ እንዲታጠብ አዘዘ። ማንም አልተቃወመውም፤ ማታ ማታ በቴሌቪዥን የሚነገረው የሟች ቁጥር የሁሉንም አፍ አስይዞ ነበር። ሽማግሌው ዝም ማለት የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው። ባንድ ጊዜ አልነበረም። መጀመሪያ ወሬያቸው አጠረ፣ ቀጥሎ ራስ መነቅነቅ ሆነ፣ ኋላም «እዚሁ አቀብሉኝ» ብለው ምግባቸውን በር ዘግተው ለብቻቸው መብላት ጀመሩ። ማስካቸውን ከፊታቸው አያወርዱም። ዓመት አልፎ ሌላው ሰው ማስኩን የበር እጀታ ላይ ሰቅሎ ሲረሳው እንኳ፣ እሳቸው ሳሎን ተቀምጠው ዜና ሲያዩ አፍና አፍንጫቸው እንደተሸፈነ ነው። ለዚህ ምክንያት የጠፋው ሰው አልነበረም። ባሏ «ፈርተው ነው፣ ይሁን፣ መፍራት ደግ ነው» ይላል። ጎረቤት «አብረዋቸው ሲነዱ የኖሩ ጓደኞቻቸው አልቀውባቸው፣ ቀብር እንኳ ሳይደርሱ፣ ሐዘን ነው» አለ፤ ይኸም ውሸት አልነበረም። ልጆቹ «የአያታችን ባትሪ አልቋል» እያሉ ይስቃሉ። እሷም ከነሱ አልተለየችም። ሾርባውን ታስገባለች፣ ሳህኑን ትቀበላለች፣ ሳህኑ ሳይነካ መመለስ ማብዛቱንም እያየች «የሽማግሌ ሆድ ትንሽ ነው» ብላ ራሷን ታጽናናለች።

የዚያን ዕለት ሽማግሌው ከቤት መውጣት ነበረባቸው። የጡረታ መታወቂያቸው ጊዜው አልፎበት አዲስ ፎቶ ተጠይቀዋል። እሷ የምትሠራው ፎቶ ቤት ስለሆነ ነገሩ ቀላል መስሏት ነበር፤ እሳቸው ግን ከሰኞ እስከ ሰኞ ሲያመካኙባት ከርመዋል። አንድ ቀን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አንድ ቀን ይዘንባል ይላሉ፣ አንድ ቀን «የድሮውን ፎቶ አይቀበሉም? እኔ እንደሆነ አልተለወጥኩም» ብለው ይጽፉላታል፤ አዎ፣ መልእክት በስልክ መጻፍ ለምደው ነበር። ዛሬ ግን «አባባ፣ ጡረታዎን ሊያቋርጡት ነው፣ እኔ ነኝ የማነሣዎት፣ ማን ያያል» ብላ ኮታቸውን አቀበለቻቸው። «ማን ያያል» ያለችው እንዲያው ለማግባባት ነው፤ እሳቸው ግን ያቺን ቃል ይዘው ለረጅም ጊዜ ዓይኗን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ኮታቸውን ለበሱ።

ፎቶ ቤቱ ቁልፍ ከሚቀርጽ ሰውና ከአንድ ልብስ ንጽህና ቤት መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። ከፊት የመስተዋት ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ሥር የሙሽሮችና የተመራቂዎች ፎቶ፣ ከኋላ በመጋረጃ የተከለለ ማንሻ። እዚያ አንድ ነጭና አንድ ሰማያዊ ጨርቅ ግድግዳው ላይ ተጥሏል፣ መቀመጫዋ ክብ በርጩማ ናት፣ መስተዋቱ ላይ ማበጠሪያ በክር ታስሯል፣ ምስማሩ ላይ ከረባት ለሌለው ሰው የሚሆን ከረባት ተሰቅሏል። ባለቤቱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ጠዋቱን ቤቱ የሷ ነው። ሽማግሌውን በርጩማዋ ላይ አስቀመጠች፣ የኮታቸውን ኮሌታ አስተካከለች፣ መብራቱን አበራች። «አባባ፣ ማስኩን» አለች።

«በማስክ አይሆንም?»

«ፊትዎን እኮ ነው የፈለጉት።»

መጀመሪያ የአንዱን ጆሮ ላስቲክ አወለቁ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ የሌላውን። እሷ ዓይኗን ካሜራው ላይ አድርጋ ነበር የጠበቀችው። በዚያች ትንሽ መስኮት ውስጥ ብቅ ያለው ሰው የምታውቃቸው ሽማግሌ አልመሰላትም። ጉንጫቸው ገብቷል። አፋቸው በአንድ ወገን ተጣሟል። ከግራ መንጋጋቸው ሥር፣ ጺማቸው ሳይላጭ በተተወበት በኩል፣ ሎሚ የሚያህል እብጠት ወጥቷል። «ቀና ይበሉ… ትንሽ ወደ ቀኝ…» ሲል የሰማችው የራሷን ድምፅ ነው፤ አፏ የለመደውን ይናገራል፣ ጣቷ የለመደውን ይጫናል። ብልጭ አለ። ከዚያ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«አባባ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

እጃቸውን ወደ ማስኩ ሰደዱ። ያዘችው። ከሰላምታ በቀር እጃቸውን ነክታ አታውቅም፤ አጥንት ብቻ ነበር። «አፍዎን ይክፈቱልኝ» አለች፣ ልጆቿን እንደምትለው። እንደ ልጅ ከፈቱላት። የስልኳን መብራት አበራች። ከምላሳቸው ጎን ላይ ጠርዙ የነጣ፣ መካከሉ የጎደጎደ ቁስል አለ፤ በአካባቢው ያለው ሥጋ እንደ ጫማ ቆዳ ደርቋል። ሽታው ሽቅብ መጣባት፤ ከክፍላቸው ልብስ ስትሰበስብ የምታውቀው ሽታ ነበር፣ መድኃኒት ነው እያለች የምታልፈው። መብራቱን አጠፋች። ልትቆጣቸው ፈለገች፣ ልታቅፋቸው ፈለገች፣ ሁለቱንም ሳታደርግ ማስካቸውን አንሥታ በገዛ እጇ ጆሯቸው ላይ መለሰችላቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከበሽታው በፊት» አሉ። ጠጠር እንደጎረሰ ሰው ነበር ቃሉ የወጣው። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋትና «ፎቶው ወጣ?» አሉ።

ለፎቶ ቤቱ ባለቤት ደወለችና «አማቴ ታመዋል፣ ዘግቼ መሄዴ ነው» አለችው። የሚለውን ሳትሰማ ዘጋችው። ታክሲ ልትጠራ ስትል ሽማግሌው በጣታቸው ወደ ፌርማታው አመለከቱ። አውቶቡሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር መረጡ፤ የሾፌሩን እጅ እያዩ ነበር የሚሄዱት፣ ማርሽ ሲቀይር የእሳቸውም እግር አብሮ ይነቃነቃል። የነገሯት እዚያ ነው፤ ቁርጥ ቁርጥ እያደረጉ፣ አንዳንዱን ሁለቴ እያስደገመቻቸው። መጀመሪያ ምስር የምታህል ቁስል ነበረች። ጥርስ ሐኪም አይቶ «ይቺ መዳን ነበረባት፣ አልወደድኳትም» ብሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላካቸው። እዚያ ናሙና ይወሰዳል ተብሎ ቀን ተቆረጠላቸው። ቀኑ ሊደርስ ሲል አገር ተዘጋ። ሆስፒታሉ ግማሹ የወረርሽኙ ሕሙማን መተኛ ሆነ፤ «ቤትዎ ይቀመጡ፣ ተራዎ ሲደርስ እንደውላለን» አሏቸው።

«ሳይደውሉ ቀሩ?» አለች፣ ደሟ እየፈላ። «ዓመት ሙሉ ሰው ረስተው!»

አውቶቡሱ ታጠፈ፣ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። «ደውለው ነበር» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ።

ወደ እሳቸው ዞረች።

«ስልኬ ሳሎን ቻርጅ ላይ ነበር። ልጄ አነሣው። በሬ ገርበብ ብሎ ነበር፣ ሰማሁት። ‹አባቴ ሽማግሌ ናቸው፣ በዚህ ጊዜ ሐኪም ቤት አላስገባቸውም፣ ሲረጋጋ እናመጣቸዋለን› አለ። አመስግኖ ዘጋው።» አረፍ አሉ፤ ምራቃቸውን ለመዋጥ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የጥርስ ነገር መስሎት ነው። እኔም የጥርስ ነው ብዬው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ለምን ለእኔ እንኳ…»

«ምን ብዬ? ቤቱ ውስጥ ሕፃናት አሉ። ሄጄ ያንን በሽታ ይዤላቸው ብመጣስ? ልክ ነበረ ልጄ። ያን ጊዜ ልክ ነበረ።» የሾፌሩን እጅ ማየታቸውን ቀጠሉ። «ሲረጋጋ አለ። እንግዲህ ሲረጋጋ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ረሳው። ቤቱ፣ ሥራው፣ ፍርሃቱ… ማን አይረሳም? እየቆየ ሲሄድ ደግሞ መናገሩ ለእኔ ከበደኝ። ብናገር እሱን መክሰስ ይሆናል። ዝም ብል ቁስሉ ምናልባት ይድናል።» ከዚያ ድንገት እጇን ጭብጥ አደረጉት። «እንዳይሰማ። ቃል ግቢልኝ ሙሽሪት።»

«አባባ…»

«ቃል።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወዲያ እስኪወርዱ ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን ስታይ ነበር፤ ያየችውን ግን አታስታውስም። በልቧ ከባሏ ጋር ትጣላ ነበር። ጫማ ከደጃፍ የሚያስቆመው፣ ሎሚ በሳሙና የሚያሳጥበው ጠንቃቃ ሰው! በአባቱ አፍ ውስጥ የሚያድገውን ግን በሩን ከፍቶ እዚያ ያስቀመጠው እሱ ነው። እንዲህ እያለች በልቧ ሰደበችው፣ ሳትጠግብ ደገመችው።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ሞልቶ ነበር። አግዳሚዎቹ ላይ ሰው ተራርቆ እንዲቀመጥ የተለጠፈው ቀይ ምልክት ግማሹ ተልጦ ግማሹ ቀርቷል፤ ሰዉ ከነምልክቱ ላዩ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። አንዷ ሴት ያበጠ ክንዷን እንደ ሕፃን ታቅፋለች። አንድ ሰው አንገቱን በሻርብ ጠምጥሞ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል። ጎልማሳ ልጅ እናቱን ደግፎ ቆሟል። እያንዳንዱ «በኋላ» የተባለ፣ ወይም ራሱን «በኋላ» ያለ ሰው ነበር፤ ጨዋታቸው ሁሉ ያው ነው፦ «እኔም ያኔ መጥቼ ነበር፣ በር ላይ መለሱኝ»፣ «እኔስ ራሴ ፈራሁ»፣ «የኔዋ ሐኪም በዚያው በሽታ ሞተች»። ካርድ የምታወጣው ነርስ ቀና ብላ አየቻቸውና «ሁላችሁም እኮ ባንድ ጊዜ መጣችሁ» አለች። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ድካም ነበር።

ሽማግሌው ወደ ምራታቸው ጎንበስ አሉና «የሥራ መውጫ ሰዓት አውቶቡስ ነው» አሏት። «ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ ማለት ነው የቀረኝ።» ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማችው የመጀመሪያ ቀልዳቸው ነበር። ሳቀች፤ ሳቁ መንገድ ላይ ተገለበጠባትና በማስኳ ውስጥ እንባና ንፍጥ አንድ ላይ ወረደ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ ድምፅዋ ግን የማይቸኩል። ማስካቸውን አስወልቃ በመብራት አየች፣ ጓንት አጥልቃ ምላሳቸውን በሁለት ጣቷ ያዘች፣ አንገታቸውን በቀስታ ዳበሰች፣ የእብጠቱን ዙሪያ ደግማ ደጋግማ ነካች። «ሕመሙ ጆሮዎ ድረስ ይሄዳል?» ነቀነቁ። «ጠጣር ነገር መዋጥ አቁመዋል?» ነቀነቁ። ከዚያ ሐኪም ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀች፦ «እንዲህ እስኪሆን ለምን ዘገዩ?»

ምራትየው አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ግን ቀደሟት። «ፈራሁ» አሉ።

«ብዙ ሰው ፈርቷል» አለች ሐኪሟ፣ ጓንቷን እያወለቀች። ወንበር ስባ ጉልበታቸው አጠገብ ተቀመጠች። «አባቴ፣ ስሙን የሚሰጠው ናሙናው ነው፤ ግን አልደብቅዎትም። ካንሰር ይመስለኛል። መጀመሪያ እንደነገሩኝ ምስር አክሎ ሳለ ቢሆን፣ ቆርጠን አውጥተነው ወደ ቤትዎ ይሄዱ ነበር። አሁን አንገትዎ ላይ ወርዷል። ከዚያ ካላለፈ ተስፋ አለን። ሥራው ግን ትልቅ ነው። ከምላስዎ እንቆርጣለን፣ አንገትዎን እናጸዳለን፣ ከዚያ ጨረር አለ።»

ሽማግሌው ነገሩን እንደ መንገድ ካርታ አንድ በአንድ ሲከተሉ ቆዩና «እናገራለሁ?» ብለው ጠየቁ።

መልሱን አላቻኮለችውም። «ይናገራሉ። እንደ ድሮው አይሆንም። መጀመሪያ የሚያስቸግር ነው። ቤተሰብዎ ግን ይለምደዋል፣ የሚሉትን ይሰማል።»

«ይሁን» አሉ። «ድሮም የሌላ ሰው ድርሻ ጨምሬ አውርቻለሁ።»

ለናሙና ያለው ወረፋ ሩቅ ነበር፤ ሳምንታት ያስጠብቃል ተብሏል። ሐኪሟ ወረፋውን ልታስይዛቸው ነርሷን ስትጠራት ነርሷ ጆሮዋ ድረስ ጠጋ ብላ አንድ ነገር አለቻት። ሐኪሟ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። «ነገ ጠዋት ቦታ አለ» አለች። «አንዲት እናት ነበሩ ባለ ተራዋ። አይመጡም።»

«ለምን?» አሉ ሽማግሌው።

ነርሷ ሐኪሟን አየች፤ ሐኪሟ መስኮቱን። ሽማግሌው እንደምንም ከወንበራቸው ብድግ አሉ፣ ቆመው «ነፍስ ይማር» አሉ። ከዚያ ተቀመጡ። «እንግዲህ በሰው ወንበር ልቀመጥ ነው» አሉ፤ ቀኑን ሙሉ እንባ ያየችባቸው ያኔ ብቻ ነው።

ባሏ ከሥራ ሲገባ ሳሎን ሶፋው ላይ አባቱን ማስክ አውልቀው ተቀምጠው አገኛቸው። ልጆቹ ከግራና ከቀኝ ተጠግተዋቸዋል፤ ልጅ ምን ያህል እንደሚያውቅ አይታወቅም፣ ትንሹ ብቻ ደጋግሞ እብጠቱን እያየ ይመለሳል። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ጫማውን አላወለቀም። ምራትየው ልጆቹን ወደ ውስጥ ሰደደችና የሆነውን ከፎቶ ቤቱ እስከ ሐኪሟ ነገረችው፤ አንዲት ነገር ብቻ አስቀረች። እሱ አንዴ አባቱን፣ አንዴ እሷን እያየ ሰማ። ከዚያ ቁጣው መጣ። «እንዴት ነው ሰው እንዲህ የሚጣለው? ተራ ይዘው፣ ቀን ተቆርጦላቸው! አንድ ስልክ፣ አንድ ስልክ መደወል አቃታቸው? እከሳቸዋለሁ። ሰው የሌለው መሰላቸው?» ሳሎኑን ዞረው። የእውነቱን ነበር የሚቆጣው፤ ረስቶታል። ጨርሶ ረስቶታል።

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ሽማግሌውን አየች። ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ራሳቸውን በጣም ቀስ ብለው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አደረጉ። ዋጠችውና ወደ ማድ ቤት ገባች፣ ውሃውን ከፈተች፣ የሚታጠብ ነገር ሳይኖር እጇን ከሥሩ ያዘች። አውቶቡስ ውስጥ ባሏን ስትሰድብ የዋለችበትን ቁጣ ለማውጣት ፈልጋ ነበር፤ አሁን ግን ስትፈልገው እንደ ጠዋቱ አልሆነላትም። ያን ሰሞን እሷስ ምን ነበረች? የልጆቿን ግንባር በቀን ስንቴ ትዳብስ ነበር? የገዛ እናቷ ታምማ «አትምጪ» ስትላት «እሺ» ብላ ቀርታ ስልኩን ስትዘጋ እፎይ ያለች እሷ አይደለችም? ያን ዕለት ሳሎን ያለችው እሷ ብትሆን፣ ስልኩን ያነሣችው እሷ ብትሆን፣ ያንኑ ቃል ነበር የምትለው። ምናልባትም ከሱ ባነሰ ትሕትና።

ባሏ ተከትሏት ገባ። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚፈልጓቸው? ጠዋት ከሆነ መኪና እለምናለሁ፣ ካልሆነም…» አለና ቆመ። ለውሃ የዘረጋው ብርጭቆ በእጁ እንዳለ ቀረ።

«ምን ሆንክ?»

«ሴት ነበረች» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ስልኩ ቻርጅ ላይ ነበር። ድምፅዋ… ስትናገር ታስል ነበር፤ እሷም ታማለች ብዬ… ስልኩን ራሱን አልኮል ቀብቼው ነበር።» ቀና ብሎ አያት። እሷ አዎም አይም አላለችም፤ ቃል ገብታለች፣ ፊቷን ግን ማስማል አልቻለችም። «ታውቂያለሽ» አላት። «እሳቸውም ያውቃሉ?» ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጥ ሞክሮ ጠርዙን ስቶት ነበር፣ ቀለበችው። እሱ በኮሪደሩ ወደ አባቱ ሄደ። ሽማግሌው ወደ ክፍላቸው ገብተው ነበር። በሩን ከኋላው አልዘጋውም፤ እሷም ከማድ ቤቱ መቃን አልፋ መሄድ አልሆነላትም።

«አባባ።»

«አቤት ልጄ።»

«ደውለው ነበር።»

«እነማን?»

«ከሐኪም ቤት። እኔ ነኝ ያነሣሁት።»

ከዚያ ሽማግሌው፣ እያንዳንዱን ቃል ከቁስሉ ጋር እየታገሉ እያወጡ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ። «አንተ ያነሣኸው ሌላ ነው። ሎተሪ ደርሶሃል እያሉ የሚያጭበረብሩት ሌቦች ናቸው። ተቆጥተህ ዘጋህባቸው።»

«አይደለም አባባ። ሐኪም ቤት ነበር።»

«ሌቦች ናቸው እልሃለሁ! እዚሁ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስትናገር ስሰማህ አልነበር?»

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የታወቃቸው። ያን ሁሉ ዓመት በየጠባቡ መንገድ አውቶቡስ ሳያስነኩ ያሳለፉ ሰው፣ ውሸታቸውን ልታልፍ ጥቂት ሲቀራት ከግንብ አላተሟት። ከዚያ የልጅየው ድምፅ መጣ፣ ወፍራምና የተሰበረ፤ ቃል አልነበረም። ከዚያ አልጋው ሲጮህ ተሰማ፤ አንድ ሰው ከአንድ ሰው አጠገብ ተቀመጠ።

«ተው በቃ» አሉ ሽማግሌው። «ተው። ይልቅ ነገ ማነው የሚወስደኝ?»

ልጅየው አፍንጫውን ሲስብ ተሰማ።

«ሙሽሪት ሥራ አላት። እየጠየቅሁህ እኮ ነው። ማነው የሚወስደኝ?»

«እኔ» አለ ልጅየው።

«ሥራህስ?»

«እኔ ነኝ የምወስድዎት አባባ። እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ተነሥና ፊትህን ታጠብ፣ ልጆቹ እንዳያዩህ» አሉ። ከዚያ ጨመሩ። «በጊዜ ነው የምንወጣው። አውቶቡሱ ሳይሞላ ከፊት እንቀመጥ፤ እዚያ እስክንደርስ የማጫውትህ አለኝ።»